በጅቡ አጥር ላይ የተሰቀለው ሥዕል

ትኬት ቆራጩ አላወቃቸውም። እህተማርያም ሁለቱን ትኬቶች ተቀብላ ዞር ስትል፣ እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ከአዲሱ የብረት በር ፊት ቆመው ቀና ብለው ያዩታል። በሩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በላዩ «የሰፊው ሕዝብ የአራዊት መናፈሻ» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል።

«በገዛ ቤቴ በትኬት!» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

«እማዬ፣ ቀስ ይበሉ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማኛ! ምን ቀረኝና ነው የምፈራው?»

እህተማርያም ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

ከአሞራ ገደል አለፍ ብሎ፣ ሐይቁን ተጠግቶ ያለው ይህ ግቢ የአባቷ የፊታውራሪ ወልደአማኑኤል ነበር። ሌላው ባለርስት ፈረስና ጠመንጃ ሲሰበስብ እሳቸው አውሬ ይሰበስቡ ነበር። እናቱ የሞተችበት የድኩላ ግልገል፣ እግሩ የተሰበረ ከርከሮ፣ ወጥመድ የያዘው ጅብ ያገኘ ሁሉ ወደ ፊታውራሪ ያመጣል። እህተማርያም እስከ አሥራ ሦስት ዓመቷ ድረስ ጧት ጧት የሚቀሰቅሳት የጉሬዛ ጩኸት ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። መሬቱም፣ ቤቱም፣ አውሬውም ተወረሰ። ፊታውራሪ በእስር ላይ እንዳሉ ታመው አረፉ። እናትና ልጅ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግተው ኖሩ። ወደ አዋሳ የተመለሱት እህተማርያም በአስተማሪነት ተመርቃ እዚሁ ስትመደብ ነው።

ከተመለሰች ወዲህ ግቢውን ያየችው በአጥር ቀዳዳ ብቻ ነበር። አረም ውጦት፣ የቀሩት ጥቂት አውሬዎች አጥንታቸው ገጥጦ። አሁን ግን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እንዲደርስ ታድሷል። ያሳደሰው ደግሞ አምሳሉ ነው።

አምሳሉ ዳንጊሶ! ስሙን በልቧ ስትጠራው እንኳ ፊቷ ይሞቃል። አባቱ ዳንጊሶ የፊታውራሪ ጭሰኛ፣ የአውሬዎቹም ጠባቂ ነበር። አምሳሉና እህተማርያም እዚሁ ግቢ ውስጥ አብረው ሮጠዋል፣ አብረው ወድቀዋል። እሱ ግን የትልቁን ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም። ዘመን ተገልብጦ እሱ ተምሮ የግቢው ኃላፊ፣ እሷ ደግሞ «የአድኃሪ ልጅ» ሆነው በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሲገናኙ፣ ሁለቱም ለሰላምታ የዘረጉትን እጅ መመለስ አቃታቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍቅራቸው ከሁለት ወገን ጠላት አፈራ። ወይዘሮ ብዙነሽ «ዘር አጥንቱ ምንድን ነው? ያውም ጴንጤ! ልጄን ለአውሬ ጠባቂ ልጅ አልሰጥም» አሉ። የእሱ አለቆች ደግሞ «ጓድ አምሳሉ፣ ከፊውዳል ልጅ ጋር ምን አገናኘህ?» እያሉ ያስጠነቅቁት ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ዓይኗን ሸሽቶ «ከምረቃው በፊት ግቢውን እንዳታዪው፤ መጀመሪያ የምነግርሽ አለ» ብሏት ነበር። ሊያስደንቃት የፈለገ መስሏት ሳቀች። ግን እናቷ ግቢው ለሙከራ መከፈቱን ከጎረቤት ሰሙና፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ሳልሞት ልየው» ብለው ወጥረው ያዟት።

መጀመሪያ ላይ ያየችው ሁሉ ደስ አሰኛት። መንገዱ ጠጠር ለብሷል። ሰጎኖቹ እንደ ልባቸው የሚሮጡበት ሜዳ ተሰጥቷቸዋል። የጉሬዛዎቹ ዋርካ አልተነካም። ወይዘሮ ብዙነሽ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር የሚንፏቀቅ ትልቅ ኤሊ አይተው፣ «አቤት! ይሄ ሽማግሌ አልሞተም እንዴ?» አሉና ሳቁ። ፊታውራሪ ካረፉ ወዲህ እናቷ እንዲህ ሲስቁ እህተማርያም አልሰማችም። አምሳሉ ይህን ሳቅ ሰምቶት ቢሆን ብላ ተመኘች። የሠራው እሱ ነዋ።

ጅቡ ዘንድ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ነበር።

በአጥሩ ላይ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ቦርጫም ሰው፣ ወርቀ ዘቦ ካባ ደርቦ፣ አለንጋ ይዞ ይስቃል። ከእግሩ ሥር አንድ ከሲታ ገበሬ፣ እጁ ደም በደም ሆኖ፣ አፋቸውን ወደ ከፈቱ ጅቦች ይወረወራል። ከሥሩ፦ «ፊውዳሉ ወልደአማኑኤል ጭሰኛውን ዳንጊሶን ለጅብ የሰጠበት ሥፍራ።»

እህተማርያም ደግማ አነበበችው። ፊደላቱ አልተለወጡም።

«እሰይ፣ እንኳን ሞተ!» አለ ከፊቷ የቆመ ሰውዬ፣ ልጁን ትከሻው ላይ እንዳስቀመጠ። «አየህ ማሙሽ? ይሄ ነው ሰው ለጅብ ያበላ የነበረው።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ማንበብ አይችሉም። ሥዕሉ ግን ፊደል አያሻውም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ በሌላ እጃቸው እርጥቡን ቀለም ዳሰስ አድርገው፣ «ካባውን ሳይቀር» አሉ። «ካባውን ማን ነገራቸው? በዚህ ግቢ ውስጥ ያንን ካባ የሚያውቅ ማነው?»

ጥያቄው እህተማርያምን እንደ እሾህ ወጋት። ካባውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። በደረቷ ውስጥ የነበረው ደስታ በአንድ አፍታ አመድ ሆነ።

* * *

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄደች። አምሳሉን ከግቢው ጀርባ፣ ሐይቁ ዳር ሠራተኞች ሲያሰናብት አገኘችው። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወዲያው ጠቆረ።

«አየሽው» አለ።

«አየሁት! እናቴም አይተውታል። ቀለሙ እጃቸውን ነክቷቸው እስካሁን አልለቀቀም። አምሳሉ፣ ስንት ዓመት ነው ያቀድከው? እጄን ስትይዝ፣ ስታባብለኝ፣ ይሄንን እያሰብክ ነበር?»

«እህተ፣ እኔ አልሠራሁትም።»

«ካባውን ማን ነገራቸው?»

«ፎቶግራፍ ነበር። ከተወረሰው ዕቃ ውስጥ አግኝተውት ነው። ሥዕሉ ከበላይ ታዞ መጣ፣ ሰቅለውት ሄዱ። እኔ የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ልነግርሽ ፈልጌ ዓይንሽን ሳይ…»

«ዓይኔን ስታይ ፈራህ! ታዲያ አላወረድከውም? የግቢው ኃላፊ አንተ አይደለህም?»

«እንዳላወርደው ብቻ ሳይሆን» አለ፣ ድምፁ ደከመ፣ «ለምረቃው ዕለት በእንግዶቹ ፊት ቆሜ እንዳነበው ታዝዣለሁ። የተበዳዩ ልጅ ስለሆንኩ።»

እህተማርያም ደሟ ፈላ። «የተበዳዩ ልጅ! አባትህ ጣቶቹን በምን እንዳጣ አታውቅም? የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጥንት ልሰጠው እጄን በአጥሩ ሳስገባ ጅቡ እጅጌዬን ያዘው። አባትህ የራሱን እጅ አፉ ውስጥ ከቶ አላቀቀኝ። አባባ ራሳቸው ናቸው ላንድሮቨሩን እየነዱ ሻሸመኔ ሆስፒታል ያደረሱት። መንገዱን ሙሉ እያለቀሱ! አንተም ከኋላ ተቀምጠህ ነበር፣ እኔም ነበርኩ። ታውቃለህ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ተናገራ! ሁለቱም ሞተዋል። አባቴም አይናገሩ፣ አባትህም አይናገር። ያለነው እኔና አንተ ነን። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል?»

አምሳሉ ወደ ሐይቁ ዞረ። ሲመለስ ዓይኖቹ ውስጥ እሷ የማታውቀው ቁጣ ነበር።

«እሺ፣ ልናገር። ግን ሁሉንም ነው የምናገረው። ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ የሆነውን ታውቂያለሽ?»

«ምን ሆነ?»

«አባቴ እርፍ መጨበጥ አልቻለም። የሚያርሳት መሬት ደግሞ የአባትሽ ነበረች። በዚያው ክረምት ተነጥቃ እጁ ደኅና ለሆነ ሰው ተሰጠች። ጎጇችንም መሬቱ ላይ ስለነበረች ውጡ ተባልን። እናቴ እኛን ይዛ ከከብቶቹ በረት አጠገብ ክረምቱን ሙሉ አደረች። ብርድ ነው የገደላት እህተ፣ ጅብ አይደለም። አባቴ አውሬ እየጠበቀ የኖረው መሄጃ አጥቶ ነው።»

«ውሸት!»

«ከቤታችሁ መስኮት በረቱ ይታይ ነበር» አለ አምሳሉ። «አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አልወቅስሽም። ግን ለአባትሽ ስም ስትቆጪ ለእናቴ ደግሞ ማን ይቆጣላት? እናትሽን ጠይቂ።»

ጥላው ሄደች። እየሄደች ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ደግሞ ስንቱን እንደምትጠላ አታውቅም። ሥዕሉን፣ ያሳሉትን፣ አምሳሉን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልቧ ውስጥ «እውነቱን ቢሆንስ?» እያለ የሚያንሾካሹከውን ድምፅ።

* * *

ወይዘሮ ብዙነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እህተማርያም ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቀቻቸው። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ጊዜው እንደዚያ ነበር ልጄ።»

«እማዬ፣ እውነት ነው ወይስ አይደለም?»

«የማያርስ ሰው መሬት ይዞ አይቀመጥም ነበር። ሁሉም ባለርስት እንዲያ ነው የሚያደርግ። አባትሽ ከሌላው የከፋ አልነበረም።»

«የገዛ ልጃቸውን ያዳነ እጅ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን አንቺ አለች። «አንቺስ? ያቺን ሴት በረት አጠገብ በዝናብ ስታዪያት እንዴት እንቅልፍ ወሰደሽ?»

ወይዘሮ ብዙነሽ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና፣ «ብርድ ልብስ ልኬላት ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል «ብርድ ልብስ» ብለው ደገሙት። ቃሉ ባዶ መሆኑን ሁለቱም ሰሙት።

* * *

የምረቃው ዕለት ግቢው በባንዲራ አሸበረቀ። ተማሪዎች ተሰልፈው ገቡ፤ እህተማርያም አስተማሪ ስለሆነች መቅረት አትችልም ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽም ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። «ባሌን ሲሰድቡት እቤት ተቀምጬ አልሰማም። ፊቴን እያዩ ይስደቡት» ብለዋል።

ካኪ የለበሱት እንግዶች መናፈሻውን ጎብኝተው ጅቡ ዘንድ ሲደርሱ፣ ሰሌዳው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። የክብር እንግዳው ገመዱን ሳቡት። ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። ከዚያ አምሳሉ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠራ።

«የታሪኩ ሕያው ምስክር፣ የጭቁኑ ዳንጊሶ ልጅ!» አለ አስተዋዋቂው።

አምሳሉ እጁ ላይ ወረቀት አልነበረም። ሕዝቡን ቃኘና ዓይኑ እህተማርያም ላይ አረፈ። ይቅርታ እየጠየቀ ይሁን እየተሰናበተ አልገባትም።

«እኔ የዳንጊሶ ልጅ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «አባቴን ማንም ለጅብ አልሰጠውም።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ።

«ጣቶቹን ያጣው ሕፃን ልጅ ከጅብ አፍ ሲያወጣ ነው። ነድተው ሆስፒታል ያደረሱትም ፊታውራሪ ወልደአማኑኤል ናቸው። ይህ ሥዕል ውሸት ነው።»

ወይዘሮ ብዙነሽ የልጃቸውን ክንድ ጨምቀው ያዙ።

«ጓድ አምሳሉ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«አልጨረስኩም! አባቴ ማረስ ስላቃተው በዚያው ዓመት መሬቱ ተነጥቆ ቤተሰቡ ክረምት ላይ ሜዳ ተጥሏል። የነጠቁትም እኚሁ ፊታውራሪ ናቸው። እናቴ የሞተችው በዚያ ብርድ ነው። የተደረገብን ይህ ነው፣ መጻፍ ካለበት ይህ ይጻፍ! እውነቱ አንሶን ነው ወይ ውሸት የምንጨምርበት? የአባቴን ሕይወት ለምን ትቀሙታላችሁ? መሬቱን ተቀምቷል፤ ያደረገውን በጎ ነገር እንኳ ተዉለት!»

ማይክሮፎኑ ተቋረጠ። የኪነት ቡድኑ በጥቅሻ ታዞ ከበሮውን አስነሳ። ሁለት ሰዎች አምሳሉን በግራና በቀኝ ይዘው፣ ዘመድ የሸኙ ይመስል ፈገግ እያሉ፣ በሰጎኖቹ ሜዳ በኩል ወሰዱት። ቀይ ጨርቁ ሰሌዳው ላይ ተመልሶ ተጣለ። ሕዝቡ ማጨብጨብ ይሁን መሄድ ሳያውቅ ተደናግሮ ቆመ።

እህተማርያም ልትሮጥ ስትል እናቷ አልለቀቋትም። ወይዘሮ ብዙነሽ እያለቀሱ ነበር፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ።

«ከባሌ ጋር ሥጋ ቆርሰው የበሉ ሁሉ በእነዚህ ዓመታት አንድ ቃል አልተነፈሱለትም» አሉ። «ግማሹ ቢያቆስለኝም፣ አንድ ሰው ስለ እሱ እውነቱን ተናገረ። ያውም የዳንጊሶ ልጅ።»

እህተማርያም በአባቷ አፍራለች፤ በአምሳሉ ኮርታለች፤ በእነዚያ በሚጨፍሩት ደግሞ ተቆጥታለች።

* * *

አምሳሉ በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ መታሰሩ ከተሰማ በኋላ፣ ቀናቱ እያለፉ የሚጠይቀው አልተገኘም። ጓደኞቹ መንገድ ለወጡ። አብረውት የሚጸልዩት ምእመናን ደግሞ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው፣ እነሱም በፍርሃት ይኖሩ ነበር። እህተማርያም ከትምህርት ቤቷ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፦ «ከእስረኛው ጋር ግንኙነት እንዳለሽ ከታወቀ ሥራሽን እርሺው።»

ቅዳሜ ጧት ስትነሳ ወጥ ቤቱ ውስጥ እሳት ነድዷል። ወይዘሮ ብዙነሽ ምግብ ሠርተው፣ በሳህን ከድነው፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረዋል።

«ልበሺ። እንሄዳለን» አሉ።

«ሥራዬን ሊያስለቅቁኝ ይችላሉ።»

«አውቃለሁ። ርስት ተወስዶብን ሞተናል እንዴ?»

በቆርቆሮ አጥሩ በር ላይ ስንቅ ያመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። ተራቸው ሲደርስ ጠብመንጃ ያነገተው ዘብ ቋጠሮውን አስፈታ።

«ቅመሱ።»

ደንቡ ነው፤ ያመጣው ሰው በዘቡ ፊት ይቀምሳል። ወይዘሮ ብዙነሽ አምሳሉ ከሚበላው ሳህን ቆርሰው ጎረሱ፤ ለልጃቸውም አጎረሷት።

«የማን ነው?»

«የአምሳሉ ዳንጊሶ» አለች እህተማርያም።

ዘቡ ቀና ብሎ አያቸው። «የእሱማ ጥብቅ ነው። ከቤተሰብ በቀር አይፈቀድም። አንቺ ምኑ ነሽ?»

በሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩአት። ከመሃላቸው የተማሪዎቿ እናቶች ነበሩ። ወሬው ከሰዓት በፊት ትምህርት ቤቱ እንደሚደርስ አወቀች። እናቷ ፊት ይህን ቃል አውጥታ ተናግራ አታውቅም፤ አምሳሉም ገና አልጠየቃትም።

«እጮኛው ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኾ ወጣ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው ሲስል ተሰማት፣ ከዚያ ጸጥታ፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ እንደሚያዳምጥ ዓይነት ጸጥታ።

«እርስዎስ እናቴ?» አለ ዘቡ።

እህተማርያም እናቷን ለማየት አልደፈረችም። መሬት መሬት እያየች ጠበቀች። እዚያች ቅጽበት ውስጥ ያደገችበት ቤት ሁሉ፣ ኩራቱም፣ አጥንት ቆጠራውም፣ የተዘጋው ደጃፍም፣ አብሮ የቆመ መሰላት።

«አማቱ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ምን ትገትረናለህ? ምግቡ እኮ በረደበት!»

ዘቡ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ሳህኑን ተቀብሎ ገባ። እህተማርያም ከሰልፉ ወጥታ ቆርቆሮውን ተደግፋ አለቀሰች። ንዴቷ አልበረደም፤ ለአባቷም፣ ለዚህ ዘብ ጌቶችም ገና አላለቀም። ግን እጇን የያዘው የእናቷ እጅ ሞቃት ነበር፤ ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ካለው ሰው ጋር ዛሬ የሚለያት ቆርቆሮ ብቻ እንደሆነ ተሰማት።